የአሜሪካ የኩባንያ ግብር፦ ሥራን ወደ ውጭ የሚገፋው የትኛው አንቀጽ ነው?

ጥያቄ አለኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ አሜሪካ የኩባንያ ግብር ሁለት የሚጋጩ አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው "ግብሩ ከባድ ስለነበር ፋብሪካው ተሰደደ፤ በ2017 ሲቀንስ ሥራውም ይመለሳል" ይላል። ሌላው ደግሞ "ሕጉ ራሱ ሥራ ወደ ውጭ የሚልከውን ኩባንያ ይሸልማል" ይላል። ሒሳቡን የምታውቁ አንቀጹን ከነቁጥሩ ብታስረዱን ደስ ይለኛል። በተለይ ሦስት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ሥራን የሚያንቀሳቅሰው የግብሩ መቶኛ ነው ወይስ ሌላ ነገር? አዲስ አበባ ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎችን የሚያሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ምን ይገጥመዋል? ኢትዮጵያ የምትሰጠው የግብር እፎይታስ በመጨረሻ በማን ኪስ ይገባል? እንዳይምታታብን ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እናድርጋቸው።

መዝገብ ያዥ

ከ2018 በፊት ከነበረው እንነሳ፤ እሱን ሳያዩ የ2017ቱን ሕግ መረዳት አይቻልም።

የፌዴራሉ የኩባንያ ግብር ጣሪያ 35 በመቶ ነበር። አሜሪካ የራሷን ኩባንያዎች በዓለም ዙሪያ ባገኙት ትርፍ ላይ ግብር ትጠይቃለች፤ ሆኖም ውጭ ያለው ተቀጥላ ኩባንያ በሥራ ያገኘውን ትርፍ ለእናት ኩባንያው የትርፍ ድርሻ አድርጎ እስኪልክ ድረስ ግብሩ ይቆይለት ነበር። አሥር ዓመት ካልላከ አሥር ዓመት አይከፍልም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይህን ማቆየት ለማስቀረት በ1961 ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ በ1962 የወጣው ሕግ ግን በአብዛኛው የነካው እንደ ወለድና ሮያሊቲ ያለውን ገቢ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትርፍን ውጭ ማስቀመጥ ያዋጣል። ለዚያ ደግሞ ፋብሪካ መንቀል አያስፈልግም። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ይፈለሰፋል። የፓተንቱ መብት ዋጋው ገና ሳይታወቅ አየርላንድ ወይም ቤርሙዳ ለተመዘገበ ተቀጥላ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ያለው ሻጭ ለዚያ ተቀጥላ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፣ ወይም ምርቱን በውድ ይገዛዋል። ተመራማሪው ኒው ጀርሲ፣ ታካሚው ቴክሳስ፣ ትርፉ ደብሊን ይሆናል ማለት ነው። የግብር ሰዎች የማሸጋገሪያ ዋጋ የሚሉት ጉዳይ ይህ ነው፤ ክርክሩም ሁልጊዜ "ፓተንቱ በተላለፈበት ቀን ዋጋው ስንት ነበር?" በሚለው ላይ ነው።

የአየርላንድን ቁጥር ተመልከቱ። 12.5 በመቶውን ግብር ከ2003 ጀምሮ ይዛ ቆይታለች። በ2015 ኢኮኖሚዋ በአንድ ዓመት ከ25 በመቶ በላይ አደገ ተባለ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ፓተንትና ሌላ የማይዳሰስ ንብረት ወደ አየርላንድ መዝገብ ስላስገቡ ነው። የሥራው ቁጥር የጨመረው ግን በጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። ትርፍ በፊርማ አገር ይቀይራል፤ ሥራ እንደዚያ አይንቀሳቀስም። ከዚህ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን አንቀጽ "የሚነካው ትርፉን ነው ወይስ ሥራውን?" እያላችሁ ብታነቡት ብዙው ነገር ይጠራል።

ኦሃዮ ሰፈር

በዚህ ላይ የ2004ን ልጨምር። የዚያ ሕግ ስሙ ራሱ "የአሜሪካ የሥራ ፈጠራ ሕግ" ነበርና።

ውጭ የተከማቸ ትርፍ ለአንድ ዓመት ብቻ በትንሽ ግብር እንዲገባ ፈቀደ። ከሚገባው 85 በመቶው ነፃ ነው፤ በቀሪው 15 በመቶ ላይ 35 በመቶ ሲታሰብ ጠቅላላው 5.25 በመቶ ይመጣል። 843 ኩባንያዎች ተጠቀሙበት፤ በቅናሹ የገባው 312 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡ ለትርፍ ድርሻና የራስን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት እንዳይውል በግልጽ ተከልክሎ ነበር።

ክልከላው አልሠራም። ኩባንያው የገባውን ገንዘብ "ለደመወዝና ለምርምር አዋልኩት" ብሎ ይመዘግባል፤ ቀድሞ ለደመወዝ ይዞት የነበረውን ደግሞ ለአክሲዮን ግዢ ያዞረዋል። ኦዲተሩ ስህተት አያገኝም። ደርማፓላ፣ ፎሊና ፎርብስ ያጠኑት እንደሚያሳየው ከገባው እያንዳንዱ ዶላር ከ60 እስከ 92 ሳንቲም ያህሉ ለባለአክሲዮኖች ሄዷል። በ2011 የወጣው የሴኔት የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስገቡት 15 ኩባንያዎች ከ2004 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በድምሩ 20,931 ሠራተኛ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ያልቀጠሩት ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ በየትኛውም ባንክ በርካሽ መበደር ይችሉ ነበር። ሰው የሚቀጠረው ተጨማሪው ሠራተኛ ከደመወዙ በላይ ሲያስገባ ነው። ላለፈ ትርፍ የተሰጠ ቅናሽ ይህን የነገ ስሌት አይነካውም። ይባስ ብሎ ኩባንያዎቹን "ሌላ እፎይታ እስኪመጣ ጠብቅ" የሚል ትምህርት አስተማራቸው፤ በ2017 ውጭ የተከማቸው ትርፍ ከ2 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።

የፋብሪካ ሒሳብ

የ2017ቱ ሕግ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ተፈረመ፤ እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እንያቸው።

ግብሩ ከ35 ወደ 21 በመቶ ወረደ። ለተከማቸው የድሮ ትርፍ በግድ አንድ ጊዜ ተከፈለ፤ በጥሬ ገንዘብ ለተያዘው 15.5 በመቶ፣ በሌላ ንብረት ለተያዘው 8 በመቶ፣ በ8 ዓመት ተከፋፍሎ። ከዚያ ወዲህ ላለው የውጭ ትርፍ ደግሞ "ጊልቲ" በሚል አጭር ስም የሚጠራው ግብር መጣ። ማቆየት ቀረ፤ ግን የውጭ ትርፍ ግማሹ ስለሚቀነስ የሚከፈለው 10.5 በመቶ ነው። አገር ውስጥ ሲሠራ 21፣ ውጭ ሲሠራ 10.5 ማለት ነው።

ሥራን በቀጥታ የሚነካው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ጊልቲ ከመታሰቡ በፊት ኩባንያው ውጭ አገር ካለው ተጨባጭ ንብረት (ማሽን፣ ሕንፃ) የመዝገብ ዋጋ 10 በመቶው ከትርፉ ላይ ነፃ ይወጣለታል። በምሳሌ እንየው። አንድ ኩባንያ ግብር በማይከፈልበት አገር ፋብሪካ አለው፤ ትርፉ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ማሽንና ሕንፃው 10 ሚሊዮን ቢሆን ነፃው 1 ሚሊዮን ነው። 29 ሚሊዮን × 10.5 በመቶ = 3.045 ሚሊዮን።

ማሽንና ሕንፃው 100 ሚሊዮን ቢሆን ነፃው 10 ሚሊዮን ነው። 20 ሚሊዮን × 10.5 በመቶ = 2.1 ሚሊዮን።

ያው 30 ሚሊዮን ትርፍ ኦሃዮ ውስጥ ቢሆን 6.3 ሚሊዮን።

ስለዚህ ከ2018 እስከ 2025 ውጭ የሚተከል እያንዳንዱ የ10 ሚሊዮን ዶላር ማሽን በዓመት 105 ሺህ ዶላር ግብር ይቀንስ ነበር። ከዚያው ሕግ ጋር የመጣውና አሜሪካ ሆኖ ወደ ውጭ ለሚሸጥ የተሰጠው ቅናሽ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ያለው ማሽን ሲበዛ ለቅናሹ የሚበቃው ገቢ ያንሳል። አንዱ አንቀጽ ውጭ መትከልን ያግዛል፣ ሌላው አገር ውስጥ መትከልን ይቀጣል። የሕጉ ደራሲዎች ያነጣጠሩት የፓተንት ትርፍ ላይ ነበር፤ የማሽን ትርፍ "የተለመደ ትርፍ" ነውና አይነካ ብለው አሰቡ። ውጤቱ ግን ከላይ የተሰላው ነው። በእኔ ግምት የዚያ ሕግ ትልቁ እንከን ይሄ ነበር።

ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን የ10 በመቶ ነፃ ከሁለቱም ወገን አወጣው። ከ2026 ጀምሮ የውጭ ትርፍ ተቀናሹ 40 በመቶ ሆነ፤ ስለዚህ 21 × 0.60 = 12.6 በመቶ። ከላይ ያለው ፋብሪካ ማሽኑ ብዙም ይሁን ጥቂት 3.78 ሚሊዮን ይከፍላል። አሁንም ከኦሃዮው ያንሳል፤ ማሽን ውጭ በመትከል የሚገኘው ጥቅም ግን ቆሟል።

ቀረጥ ክፍል

ወንድሜ የፋብሪካ ሒሳብ፣ ስሌትህ ትክክል ነው፤ ንጽጽሩ ግን ሙሉ እንዲሆን የእርጅና ተቀናሹ መግባት አለበት። አሜሪካ ውስጥ የሚተከል ማሽን በተገዛበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ከገቢ ይቀነሳል። በ2017ቱ ሕግ መጣ፣ ከ2023 ጀምሮ በየዓመቱ 20 ነጥብ እየቀነሰ ሄደ፣ በ2025ቱ ሕግ ደግሞ ከጥር 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ማሽን በቋሚነት ወደ 100 በመቶ ተመለሰ። ውጭ የሚተከለው ይህ መብት የለውም፤ በረጅም ዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ከማሽን የሚገኘው ተራ ትርፍ ኦሃዮ ውስጥ በተግባር ግብሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። 6.3 ሚሊዮኑ የሚሠራው ማሽኑ ዋጋውን ከመለሰ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። "ውጭ የተቀጠረ ሁሉ እዚህ የጠፋ ሥራ ነው" የሚለው መነሻ በማስረጃ አይቆምም። ደሳይ፣ ፎሊና ሃይንስ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ውጭ አገር ለሠራተኛ የሚከፈለው በ10 በመቶ ሲጨምር አሜሪካ ውስጥ የሚከፈለው 3.7 በመቶ ገደማ አብሮ ይጨምራል። ውጭ ያለው መገጣጠሚያ ሲሰፋ አሜሪካ ያለው ዲዛይን፣ ሽያጭና ሎጂስቲክስ ይሰፋል።

የፖርቶ ሪኮም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይታይ። ከ1976 ጀምሮ እዚያ ለሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች ትርፉን ከፌዴራል ግብር በተግባር ነፃ የሚያወጣ አንቀጽ ነበር፤ የመድኃኒት ፋብሪካዎች በብዛት የገቡት በእሱ ነው። በ1996 ተሻረ፣ በአሥር ዓመት መሸጋገሪያ 2006 ላይ አለቀ። ሱዋሬስ ሴራቶ የተባለው ኢኮኖሚስት ሲያጠናው ጥቅሙን ያጡት ኩባንያዎች ሥራውን ወደ ዋናው አሜሪካ አላመጡትም፤ እዚያም ኢንቨስትመንትና ቅጥር ቀነሱ። ቀዳዳ ሲዘጋ ሥራው ወደ ቤት ይመጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። የኩባንያው ጠቅላላ የካፒታል ወጪ ስለሚጨምር ሁሉም ቦታ ላይ ሊያጥር ይችላል።

ጥያቄ አለኝ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ የ2017ቱ ቅነሳ በደመወዝ ላይ ምን አመጣ? "ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,000 ዶላር" ተብሎ ነበር እኮ።

መዝገብ ያዥ

አዎ፣ የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ምክር ቤት በጥቅምት 2017 ዝቅተኛ ግምት ብሎ ያቀረበው ነው። በ2024 ቾዶሮው-ራይክ፣ ዚዳርና ዝዊክ ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩት የረጅም ጊዜው የደመወዝ ጭማሪ በሠራተኛ በዓመት 750 ዶላር ገደማ ሆኖ አገኙት። ኢንቨስትመንት በአማካይ 11 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ይህ ቀላል አይደለም። የኩባንያ ግብር ገቢው ግን መጀመሪያ ላይ በ40 በመቶ ወደቀ። ለወጣበት ገንዘብ የበለጠ ኢንቨስትመንት ያመጣውም የማሽን ተቀናሹ ነው። መቶኛውን መቀነስ ድሮ ለተሠራ ፋብሪካና ድሮ ለተመዘገበ ፓተንት ትርፍም ቅናሽ ይሰጣል፤ የማሽን ተቀናሹ ግን ዛሬ ገንዘብ ላወጣ ብቻ ነው የሚደርሰው።

የጭማሪው ክፍፍልም ይታይ። የግብር መዝገብ ይዘው የሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ጭማሪው ያረፈው በደመወዝ ከላይ ባሉት 10 በመቶ ሠራተኞችና በኃላፊዎቹ ላይ ነው። በቀሩት 90 በመቶ ላይ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም።

ሰሚት ኮድ

ወደ ሶፍትዌሩ ልምጣ፤ ስለ ጊልቲ የሚያወሩ ብዙዎች ይህን አንቀጽ ሲዘሉት አያለሁ፤ አዲስ አበባ ላለ ፕሮግራመር ግን ከጊልቲው ይልቅ የሚቀርበው ይሄ ነው።

የአሜሪካ የግብር ሕግ አንቀጽ 174 የምርምርና የልማት ወጪን ይመለከታል፤ ሶፍትዌር መሥራት በሕጉ ስሙ ተጠቅሶ በውስጡ ገብቷል። እስከ 2021 ወጪው በዓመቱ ይቀነስ ነበር። ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው በ5 ዓመት፣ ውጭ የተሠራው በ15 ዓመት ተከፋፍሎ እንዲቀነስ ተደረገ። የ2025ቱ ሕግ የአገር ውስጡን ወደ ቀድሞው መለሰው፤ የውጭውን በ15 ዓመት ተወው። መለኪያው ሥራው የተሠራበት ቦታ ነው፤ የሠራተኛው ዜግነትም ሆነ ኩባንያው የተመዘገበበት አገር አይታይም።

ስሌቱን እንሥራ። ኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አለው፣ 1 ሚሊዮኑንም ለአዲስ አበባ ባለሙያዎች ከፍሏል፤ በእጁ ምንም አልቀረም። በ15 ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 66,667 ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ብቻ ስለሚታሰብ 33,333። ለግብር የሚታየው ትርፍ 966,667 ሆነ፤ × 21 በመቶ = 203,000 ዶላር። ያላገኘውን ትርፍ ግብር ይከፍላል። ያው ሥራ ቨርጂኒያ ውስጥ ቢሠራ ግብሩ ዜሮ ነው።

ይህ ማለት ግን ገንዘቡ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በ15 ዓመት ይመለሳል። የጊዜውን ዋጋ በ8 በመቶ ብናስብ እውነተኛው ጉዳት ከ1 ሚሊዮኑ ላይ 85 ሺህ ዶላር ያህል ነው። የደመወዙ ልዩነት ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ትልቅ ኩባንያ ይህን ብሎ ከአዲስ አበባ አይወጣም። የሚሞተው ትንሹ ነው፤ 203 ሺውን በመጀመሪያው ዓመት በጥሬ ገንዘብ ከየት ያምጣ?

ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እነዚህ ናቸው።

የኮንትራት አጻጻፍ፦ አዲስ አበባ ያለው ሠሪ በሰዓት ወይም በወር ተከፍሎት ኮዱ የአሜሪካው ንብረት ከሆነ ወጪው የአሜሪካው ምርምር ነው፤ 15 ዓመቱ ይመጣል። ሠሪው ኪሳራውን ራሱ የሚሸከም ወይም በምርቱ ላይ መብት የሚያስቀር ከሆነ አያያዙ ይለያያል። "ኮንትራክተር ስለሆነ አይመለከተንም" የሚለው ግን ስህተት ነው።

ሁሉንም ባንድ ኢንቮይስ መጠቅለል፦ የደንበኛ ድጋፍ፣ ሥልጠና፣ ዳታ ማስገባት፣ ምርቱ ከወጣ በኋላ ያለ ተራ ስህተት ማረም በ174 ውስጥ አይገቡም፤ በዓመቱ ይቀነሳሉ። አዲስ ተግባር መጨመር ግን ይገባል። ኢንቮይሱ "የሶፍትዌር አገልግሎት" ብሎ አንድ መስመር ከሆነ መለየት አይቻልም። የሰዓት መዝገቡ ከየወሩ ኢንቮይስ ጋር ተለይቶ ይያያዝ።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ፦ ያልተቀነሰውን ባንዴ ላውጣ ማለት አይቻልም፤ ምርቱ ቢጣልም 15 ዓመቱ ይቀጥላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰሚት ኮድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ለኤልኤልሲም (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ይሠራል? ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሲከፈል 30 በመቶ ተቀንሶ ይያዛል የሚሉ አሉ።

ሰሚት ኮድ

ይሠራል። ትርፉ ወደ ባለቤቱ የግል ማስታወቂያ ስለሚያልፍ ከ21 በመቶ ይልቅ በግል ግብር ደረጃው ይታሰባል፤ ያ እስከ 37 በመቶ ይደርሳልና ጫናው ሊብስ ይችላል። በ2025ቱ ሕግ አማካይ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 31 ሚሊዮን ዶላር የሆኑ ድርጅቶች ወደኋላ ሄደው የ2022ን እና ተከታዮቹን ዓመታት ማስተካከል ተፈቅዶላቸዋል፤ ያ ግን አገር ውስጥ ለተሠራው ብቻ ነው።

30 በመቶውን በተመለከተ፦ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠራ ገቢው ከአሜሪካ የመነጨ አይባልም፤ ተቀናሽም የለውም። በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የተደራራቢ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት ባይኖርም ይህ በአሜሪካ ሕግ ራሱ የቆመ ነው። ከክፍያው በፊት ግለሰብ ከሆነ ደብሊው-8ቤን፣ ድርጅት ከሆነ ደብሊው-8ቤን-ኢ የተባለውን ቅጽ አስሞልተው ፋይል ያድርጉ። ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት አይላክም፤ ከፋዩ ጋር ይቀመጣል። ባለሙያው ለሥራ ወደ አሜሪካ ከመጣ ግን እዚያ የሠራባቸው ቀናት ክፍያ ሌላ ነው።

ሐዋሳ መንገድ

ስለ እፎይታው እኔ ልመልስ። የኢትዮጵያ የድርጅት ገቢ ግብር 30 በመቶ ነው። እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው ለዓመታት እፎይታ ይሰጣል፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ለሚሸጥ ደግሞ ይረዝማል።

እዚህ ያለ የአሜሪካ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ እንበል። ኢትዮጵያ 3 ሚሊዮኗን ተወች። አሜሪካ "ሌላ አገር የተወልህን ግብር እንደተከፈለ እቆጥርልሃለሁ" የሚል አሠራር የላትም። ስለዚህ በ2026 ስሌት 1.26 ሚሊዮኑን አሜሪካ ትወስዳለች፤ ለኩባንያው የሚተርፈው 1.74 ሚሊዮን ነው። ከተውነው ሦስት ብር አንድ ብር ከሃያ ስድስት ሳንቲሙ ለሌላ መንግሥት ግምጃ ቤት የተሰጠ ስጦታ ነው።

ይህ የሚለወጠው ኩባንያው ሌላ ቦታ ከፍተኛ ግብር የሚከፍል ከሆነ ነው። የውጭ ግብር ማካካሻው አገር በአገር አይታሰብም፣ በድምር ነው። ጀርመን ውስጥ 10 ሚሊዮን አትርፎ 3 ሚሊዮን ከከፈለ፣ ኢትዮጵያ ካለው 10 ሚሊዮን ጋር ተደምሮ በ20 ሚሊዮን ላይ 12.6 በመቶ 2.52 ሚሊዮን ነው። ማካካሻው የ3 ሚሊዮኑ 90 በመቶ፣ 2.7 ሚሊዮን። ስለዚህ ለአሜሪካ የሚከፍለው የለም፤ የኢትዮጵያ እፎይታ ሙሉው የኩባንያው ይሆናል። ያው እፎይታ ለአንዱ ኩባንያ ሙሉ፣ ለሌላው ግማሽ ያህል ዋጋ አለው፤ የሚወስነውም ሌላ አህጉር ላይ ያለው የሒሳብ መዝገብ ነው።

የልብስ ፋብሪካን ሥራ የያዘው ግን ከመጀመሪያውም የትርፍ ግብሩ አልነበረም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ትልቁን ሥፍራ የያዘው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ነበር፤ በኅዳር 2021 እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኢትዮጵያ ከአጎአ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) የወጣችው ጥር 1 ቀን 2022 ነው። ሒሳቡን እዩት። የጥጥ ቲሸርት ያለ አጎአ አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። 5 ዶላር የሚሸጥ ቲሸርት 82.5 ሳንቲም ቀረጥ አለበት። ፋብሪካው ከሽያጩ 5 በመቶ ቢያተርፍ 25 ሳንቲም ነው፤ በዚያ ላይ 30 በመቶ ሙሉ ግብር ቢጣል 7.5 ሳንቲም። ቀረጡ ከሙሉው የትርፍ ግብር 11 እጥፍ ነው! የትርፍ ግብሩን ሙሉ በሙሉ ብንተወው እንኳ የአንድ ዓመት ቀረጥ የሚመልሰው በ11 ዓመት ነው። ሥራቸውን ያጡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ስለ "ኢንቨስትመንት ማበረታቻ" ሲነገር ይህ የ82 ሳንቲም ሒሳብ አብሮ ቢነገር ለእነሱ ፍትሕ ነው።

ቀረጥ ክፍል

ሐዋሳ መንገድ በትክክል አስቀምጦታል። እኔ የ15 በመቶውን ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ ግብር (ትልቅ የኩባንያ ቡድን በአንድ አገር ከ15 በመቶ በታች ከከፈለ ጎዶሎው የሚሰበሰብበትን) ልጨምር፤ "እፎይታ ሞተ" የሚለው ጥቅል አነጋገር ልክ አይደለምና።

ሕጉ የሚመለከተው ዓመታዊ ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆኑ ቡድኖችን ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎችን የውጭ መንግሥታት በእናት ኩባንያው በኩል እንዳይነኳቸው ቡድን ሰባት በሰኔ 2025 ተስማምቷል፤ ፋብሪካው ያለበት አገር ራሱ የሚጥለው ማሟያ ግብር ግን እነሱንም ይነካል። የአውሮፓ፣ የጃፓንና የኮሪያ ቡድኖች ሙሉ በሙሉ ውስጥ ናቸው።

ዋናው ነገር ሕጉ ለሠራተኛና ለማሽን ነፃ መተው ነው። ለ2026 የደመወዝ 9.4 በመቶና የተጨባጭ ንብረት 7.4 በመቶ ከትርፉ ይቀነሳል፤ በ2033 ሁለቱም 5 በመቶ ይሆናሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ እፎይታ ላይ ያለ የልብስ ፋብሪካ ትርፉ 3 ሚሊዮን ዶላር፣ ደመወዙ 4 ሚሊዮን፣ ማሽንና ሕንፃው 20 ሚሊዮን ይሁን። 376 ሺህ ሲደመር 1.48 ሚሊዮን፣ 1.856 ሚሊዮን ነፃ። ቀሪው 1.144 ሚሊዮን × 15 በመቶ = 171,600 ዶላር። አሁን ያው 3 ሚሊዮን ትርፍ ያለው፣ ማሽን የሌለው፣ 100 ሺህ ዶላር ደመወዝ ብቻ የሚከፍል የፓተንት ኩባንያ ይሁን፤ ነፃው 9,400 ነው፣ ግብሩ 448,590 ዶላር። እስካሁን ካነሳናቸው ሕጎች ሁሉ ሥራን ከትርፍ ለይቶ ያየው ይሄ ነው፤ በእኔ እምነት ለዚህም ነው ከነጉድለቱ የሚሻለው።

171,600ውን ኢትዮጵያ ካልሰበሰበችው ሶል ወይም ቶኪዮ ይሰበስቡታል። ፋብሪካው ያው ነው የሚከፍለው።

ጥያቄ አለኝ

ሐዋሳ መንገድ፣ እፎይታ ካልሆነ ምን ይሻላል ትላለህ? መንግሥት ምንም ሳይሰጥ ባለሀብት ይመጣል?

ሐዋሳ መንገድ

ይስጥ፤ ግን ከወጪው ጋር ያያይዘው። እፎይታ ዋጋ የሚኖረው ትርፍ ላለው ነው። ሠራተኛ የሚያሠለጥንና ማሽን የሚተክል ፋብሪካ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብዙ ጊዜ በኪሳራ ነው የሚያልፈው፤ እፎይታው በዜሮ ላይ ይቃጠላል። መጀመሪያውኑ ትርፋማ የሆነው፣ ያለ እፎይታም ይመጣ የነበረው፣ ሙሉውን ይወስዳል። በዚያ ፈንታ ማሽኑን በገባበት ዓመት ሙሉ በሙሉ መቀነስና ኪሳራን ያለ ጠባብ ገደብ ማሸጋገር ቢፈቀድ ጥቅሙ የሚደርሰው ገንዘብ ላወጣው ነው። አዋጅ 979/2008 (ይህ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ ኪሳራን ለ5 ዓመት ነበር የሚያሸጋግረው፤ ያም የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ።

በ2025 የተሻሻለው ሕግ ያመጣው ዝቅተኛ አማራጭ ግብርም ከዚህ አንጻር ይመርመር። ከጠቅላላ ሽያጭ 2.5 በመቶ ነው። 2.5ን ለ30 ስናካፍል 8.33 በመቶ ይመጣል፤ ከሽያጩ ከዚያ በታች የሚያተርፍ ድርጅት ሁሉ እፎይታው ሲያልቅ በትርፉ ሳይሆን በሽያጩ ነው የሚከፍለው። ከላይ ያልነው ቲሸርት 5 በመቶ አትርፎ 7.5 ሳንቲም መክፈል ሲገባው 12.5 ሳንቲም ይከፍላል። ብዙ ሰው ቀጥሮ በጠባብ ትርፍ የሚሠራው ላይ ነው የሚያርፈው።

ለማንኛውም ፓርክ ውስጥ ለሚገባ ባለሀብት ድርድር ላይ የምትቀመጡ ካላችሁ አራት ቁጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የቡድኑ ዓመታዊ ገቢ ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው ወይ፣ እናት ኩባንያው ያለበት አገር የ15 በመቶውን ሕግ አውጥቷል ወይ፣ የሚከፈለው የደመወዝ ድምር ስንት ነው፣ ምርቱ በሚሸጥበት አገር ያለው ቀረጥስ ስንት ነው። እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥ የ10 ዓመት እፎይታ ማን እንደሚጠቀምበት ሰጪውም አያውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ፦ ቀረጡ የሚታየው በዕቃው የታሪፍ ኮድ ነው፣ በ"ልብስ" ጥቅል ስም አይደለም። ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሆነው ቲሸርት ያለ አጎአ 32 በመቶ ነው፤ የጥጡ 16.5። ፋብሪካው የትኛውን እንደሚሰፋ ሳይጠየቅ ሒሳቡ አይጀመር።